በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ሞቻለሁ፤ ለምርመራ የሄድኩት ግን ገና አምና ነው

መጋረጃ ፦ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የውይይት ገጽ ላይ ሁልጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አላውቅም። ዛሬ ግን መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ሕንጻዎቹ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ቆመዋል፤ ከበረንዳዬ የሚታየኝ በፈጣን መንገዱ ክፍያ ጣቢያ በኩል የሚመጣው የመኪና መብራት ብቻ ነው። የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ልጻፍ።

ተዋናይት ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ስሜን አልናገርም፤ ብትሰሙትም ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ፊቴን ግን ታውቁታላችሁ። ገበያ ስወጣ «ይህቺ እኮ ያቺ የምታለቅሰዋ ናት» ይባልልኛል፤ ሽንኩርት ሻጯ አዝና አንድ ሁለት ራስ የምትመርቅልኝ ቀንም አለ።

የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው፤ አሁን 48 ሆነኝ። እስከ 27 ዓመቴ ድረስ ሙሽራ ነበርኩ። ኮረዳ፣ እጮኛ፣ ተጠላፊ፣ ውሃ ቀጂ። እንስራ ተሸክሜ ያልገባሁበት መድረክ የለም። ከዚያ ወለድኩ፣ ትንሽ ወፈርኩ፤ በ31 ዓመቴ በመድረክም እናት ሆንኩ። የመጀመሪያው «ልጄ» በሦስት ዓመት ብቻ የሚያንሰኝ ተዋናይ ነበር፤ ልምምድ ላይ «እናቴ!» ብሎ ሲያቅፈኝ ሁለታችንም በሳቅ እንሞት ነበር። በ38 ዓመቴ ጸጉሬ ላይ ዱቄት ተነስንሶ አያት ሆንኩ። በወጣትነቴ ሙሽራዬ ሆኖ የተጫወተ ሰው አለ፤ በዕድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ እስከ ዛሬ ሙሽራ ነው። አምና ልጄን ዳርኩለት።

በመካከል ያለችው ሴት የት እንደገባች አይገባኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ሥራ የምትሠራ፣ የምትሳሳት፣ ከባልደረባዋ ጋር የምትጣላ ሴት ተጽፋ ደርሳኝ አታውቅም። ከሙሽራ በቀጥታ ወደ እናት ነው የተሻገርኩት።

በሞት በኩል ግን ልምዴ ሰፊ ነው። በወሊድ ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ፤ በልጅ ናፍቆት ሁለት ጊዜ። ስም በሌለው በሽታ የሞትኩትን ቆጥሬው አላውቅም። ሴትዮዋ ትስላለች፣ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ ለጎረቤቷ «ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው» ትላለች፣ በሦስተኛው ገቢር ልጇን አስጠርታ ትናዘዛለች፣ መብራቱ ይደበዝዛል። አንድ ጊዜ አዘጋጁን «የሚገድለኝ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ግራ ገብቶት አየኝና «ምን ያደርግልሻል? አንቺ ብቻ በደንብ ሳዪ» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አምና በጥቅምት የባላገር እናት ሆኜ እጫወት ነበር። ልብሴ ነጭ ቀሚስ ነው። በሁለተኛው ገቢር ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቡና አፈላለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል አልነሳም። ለወራት ደሜ ይበዛ ነበር፤ በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሲመጣ ዐሥር ቀን፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ይቆያል። የዚያን ቀን ሁለት ሞዴስ ደርቤ ነው የወጣሁት። ከበርጩማው ስነሳ ሙቀቱ ወደ እግሬ ሲወርድ ተሰማኝ። ቀጥሎ ማድረግ ያለብኝ ጀርባዬን ለተመልካች ሰጥቼ ወደ ጓዳ መግባት ነው። ቆምኩ። የምናገረው ቃል ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ልጄ ሆና የምትጫወተው፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት፣ በርጩማውን አየች፤ እኔን አየች። ከመደቡ ላይ ጋቢ አነሳችና «እማዬ፣ በርዶሻል እኮ» ብላ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሸፈነችኝ። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ቃል የለም። በአንድ እጇ እኔን ደግፋ በሌላው በርጩማውን አንጠልጥላ ገባን። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከትርኢቱ በኋላ አዘጋጁ መጣና «ያቺ ጋቢ በጣም ጥሩ ናት፤ አትተዉአት» አለን። እስከ መጨረሻው ትርኢት በየሳምንቱ በረደኝ፤ በየሳምንቱ ጋቢ ለበስኩ።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት አለ። ያን ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጬ ልቤ እስኪረጋ ድረስ ግድግዳ እደገፍ ነበር። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ብርድ ነው» አሉኝ። አንዷ «ማረጥ ነው፤ የሁላችንም ዕጣ ነው» አለች። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ልጄን ጉንፋን ይዟት ነው። ነርሷ ሁለታችንን አየችና «የታመመችው እሷ ናት ወይስ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ደሜ ሲመረመር ሄሞግሎቢኔ 7.8 ሆኖ ተገኘ፤ ደም ማነስ ነው። ወደ ሆስፒታል ተላክሁ፤ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ ማዮማ፣ የማህፀን ዕጢ፣ ነው ተባልኩ። በዚያው የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አደረጉልኝ፤ ደህና ነበር። ምርመራው እኔ መድረክ ላይ አንዴ ለመሞት ከሚፈጅብኝ ጊዜ ያነሰ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት የታመሙ ሴቶችን ተጫውቻለሁ፤ አንዲቷም ተመርምራ አታውቅም። እኔም ተመርምሬ አላውቅም ነበር። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ታማ፣ ተመርምራ፣ ታክማ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት በቴአትር ወይም በፊልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባትሪዬ 6 በመቶ ቀርቶታል፤ ነገ አነባለሁ።

የኮዬዋ ፦ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡15

ኮዬ ፈጬ ነኝ፤ ጎረቤት ነን። «ብርድ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ስልኩን አስቀመጥኩት። እናቴን «ብርድ ነው» እያልናት ዓመት ከመንፈቅ ቆይተናል። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፣ ያልሞከርነው የለም። ደሙ የጀመራት ካረጠች ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ እሷ ራሷ «ልጅነቴ ተመለሰ» እያለች ታስቀን ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ የማህፀን በር ካንሰር፣ ያውም የተስፋፋ። ዛሬ የለችም።

ለጥያቄሽ፦ እኔ አላየሁም። ባየኋቸው ፊልሞች ሐኪም ቤት የምትሄድ ሴት የምትሄደው ማርገዟ ሊነገራት ነው። ሐኪሙ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል፤ እሷም ታለቅሳለች።

ነጭ ጋውን ፦ እሑድ ከጠዋቱ 1፡05

እትዬ መጋረጃ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ሳልተኛ ነው የምጽፈው። ነርስ ነኝ፤ በዚያው በእናንተ አቅጣጫ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ።

ከየኮዬዋ ልጀምር፤ ነፍስ ይማር። የወር አበባ ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ማረጥ አይደለም፤ ልጅነትም አይደለም፤ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል። ቀላል መሆኑ የሚታወቀው ግን ሲታይ ነው።

ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣው ሙቀት፣ ሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ነገር ቶሎ መርሳት የዚህ ጊዜ ጠባይ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይረበሻል። የደሙ መብዛትና መቆየት ግን «የዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በዚህ ዕድሜ ማዮማም ሌላም ሊኖር ይችላል። ማዮማ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ ነው፤ ካንሰር አይደለም፤ ከማረጥ በኋላ ብዙውን ጊዜ እየኮሰሰ ይሄዳል። አንዳንዶች ታዲያ «እስካርጥ ልጠብቀው» ይላሉ። ደም ማነሱ አይጠብቅም። የእርስዎ 7.8 ለሴት መሆን ከሚገባው 12 ሲታይ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣትዎ ነው የሚገርመው።

ስለ ማህፀን በር ምርመራው፦ በጤና ጣቢያ የምንሠራው በአሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀጠነ ኮምጣጤ በሉት። በጥጥ እንቀባለን፣ አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታየ፣ ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ሰውነት ከገባ በኋላ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ አይደለም፤ እኛ ግን ጊዜውን በ«ብርድ ነው» እንጨርሰዋለን። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ በተለይ ኑ፤ ኤች አይ ቪ በደማችሁ ካለ ከዚያም ቀደም ብላችሁ። 49 የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከማረጥ በኋላ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዐይን የሚደረገው ምርመራ አይመችም፤ የቫይረሱ ምርመራ ይሻላል።

የብረት ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰዱት፤ ቡናው ብረቱን ያስቀረዋል። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ይሁን። ዐይነ ምድር ቢጠቁር አትደንግጡ። አሁን ልተኛ።

ያገር ልጅ ፦ እሑድ ከጠዋቱ 3፡20

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ፤ በመዳንሽ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ይህ ጉዳይ ሴቶች በጓዳ የሚጫወቱት እንጂ ወንዱም ልጁም በሚያነበው አደባባይ የሚወጣ አይመስለኝም። ባህላችን ገመና ሸፋኝ ነው። ያቺ ወጣት እንኳ ጋቢ ነው ያለበሰችሽ።

መጋረጃ ፦ እሑድ ከጠዋቱ 4፡02

ወንድሜ፣ ስለ ምርቃቱ አመሰግናለሁ። ነገሩ ግን በጓዳ ተወርቷል፤ ያላለቀልኝም እዚያው ነው። በጓዳ የተሰጠኝ መልስ «ብርድ ነው» የሚል ነበር። ጋቢዋን በተመለከተ፣ ልጅቷ ሸፍናኝ ዝም አላለችም። በዚያው ምሽት ከለገሃር በባቡር እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በሚኒባስ እስከ ቤቴ በር ሸኝታኝ፣ መንገዱን ሙሉ «መቼ ነው የምትታዪው?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነበር። እኔ ነኝ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ያልሰማኋት።

የፊተኛ ወንበር ፦ እሑድ ከቀኑ 7፡30

ልጄ፣ እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን ከልጄ ጋር አያት አካባቢ እኖራለሁ። ያኔ መሿለኪያ ስኖር ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ እየሄድኩ የማየው ቤቴ ነበር። ዛሬ እሑድ ቴአትር ላይ ብል መሄጃውና መመለሻው ቀኔን ይበላዋል።

ስለ ሴት ተዋንያን ያነሣሽው ሥሩ ሩቅ ነው። በአገራችን ቴአትር ሲጀመር የሴትን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሚባለው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 በንጉሡ ኢዮቤልዩ ሲከፈት፣ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስሟ ምን እንደሚባል እኔ እዚህ አልጽፈውም። ቤተ ዘመድ የካዳት፣ ባል የፈታት ብዙ ናት። አስናቀች ወርቁን አይቻታለሁ፤ በክራሯም በተዋናይነቷም። ክራሯን ስትይዝ አገጯን ትንሽ ቀና ታደርግ ነበር፤ «ምን ታመጣላችሁ?» የምትል ይመስለኝ ነበር። በመስከረም 2004 ስታርፍ የሰደባት ሁሉ አለቀሰላት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ተቆጥተሽ አታንብቢው። ያ ቀሚስ የለበሰ ወንድ እናትን ሲጫወት የሚያውቃት ከውጭ ነው። ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ትሞታለች። ከዚያ ወንዱ ቀሚሱን አውልቆ ወረደ፣ ሴቷ ወጣች፤ እናቲቱ ግን እሱ እንደተዋት ቀረች። አንቺም የወረስሽው እሷን ነው። ለዚህ ጥፋተኛው ማን ነው ብትይኝ፣ እኛ ከፊት ወንበር ተቀምጠን የምናለቅሰውም አለንበት። ሳይለቀስ የሚያልቅ ቴአትር አይተን ስንወጣ «ዛሬ ምንም የለውም» እንል ነበር።

ሌንስ ፦ እሑድ ከምሽቱ 1፡10

ፊልም ጸሐፊ ነኝ፤ ስለዚህ የተወቀስኩት እኔ ነኝ፤ ልቀበል። ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ ዓመት የሞላትን ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጌ ጻፍኩ፤ አንድ ልጅ አላት፤ ልጇ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰውዬ አነበበና ወደደው። «አንድ ነገር ብቻ፤ ሃያ አምስት አድርጋት» አለኝ። የልጁስ ዕድሜ ብለው «እሱን አንተ አስተካክል» አለ። እንዴት አድርጌ ላስተካክል? ልጁን ወንድሟ አደረግሁት፤ እናትየዋን በመጀመሪያው ትዕይንት ገደልኳት። አዎ፣ ስም በሌለው በሽታ።

ተመልካች አይፈልግም የሚሉት ተመልካች ተጠይቆ አይደለም። የሲኒማ ወረፋ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ትኬት የሚገዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሃያ አምስት ያልሆኑትም ብዙ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ያንን ጽሑፍ ለምን እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

እትዬ መጋረጃ፣ የጋቢዋን ትዕይንት ልጻፋት? ከነምክንያቷ ማለቴ ነው።

ሁለተኛ ገቢር ፦ እሑድ ከምሽቱ 2፡25

እኔም ተዋናይት ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው፤ የካ አባዶ እኖራለሁ። የእኔ ነገር ከማረጥ ገና ሩቅ ነው። በተከታታይ ድራማ ውስጥ ጥሩ ክፍል ነበረኝ። በእርግዝናዬ አራተኛ ወር ላይ ለአዘጋጁ ቀስ ብዬ ነገርኩት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ አቀፈኝ። በሳምንቱ ገጸ ባሕርይዋ ዐረብ አገር ሄደች ተባለ። ተመልካች እስከ ዛሬ መንገድ ላይ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይለኛል፤ ከዐረብ አገር ማለቱ ነው። ልጄ አሁን በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ግን አልተመለስኩም።

ጓደኛዬ በመንግሥት ቴአትር ቤት ቋሚ ሠራተኛ ናት። በተመሳሳይ ወር ወለድን፤ እሷ አራት ወር ከነደመወዟ አረፈች። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ለማስታወቂያ ድምፅ ስቀዳ ጡቴ ፈስሶ ሸሚዜ ረጥቦ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለሕግ ሰው መንገር ይቻላል?

ውልና ማስረጃ ፦ ሰኞ ከጠዋቱ 2፡15

ይቻላል፤ እኔ ጠበቃ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በመርሕ ደረጃ ከሥራ ልትሰናበት አትችልም። ለመንግሥት ሠራተኞችም የወሊድ ፈቃዱ ያው 120 ቀን ነው፤ ጓደኛሽ ያገኘችው እሱን ነው።

ችግሩ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በፊልምና በድራማ የሚፈረመው ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ውል ነው፤ ይህን ያህል ክፍል ተጫወቺ፣ ይህን ያህል ብር ውሰጂ የሚል። እንዲህ ያለ ውል የፈረመች ተዋናይት አዋጁ እንዲሸፍናት ከፈለገች በአሠሪው መሪነትና ቁጥጥር ሥር መሥራቷን ማስረዳት ይኖርባታል። ሰዓቱን የሚወስነው፣ ልብሱን የሚመርጠው፣ «እንደገና» የሚለው ማን ነው? ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ለማንኛውም ወረቀቱን አትጣዪው፤ የደረሰሽን መልእክትም ከስልክሽ አታጥፊ። ደግሞ ሳትፈርሚ በፊት እርግዝና ቢመጣ ምን እንደሚሆን አንድ አንቀጽ አስጨምሪ። ይስቁብሽ ይሆናል፤ ይሳቁ፤ ይጻፉት ብቻ።

ታጠቅ መንገድ ፦ ሰኞ ከቀኑ 6፡40

ስለ «በወሊድ ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ» ማንም ሳይናገር ማለፉ ገረመኝ። እኔ በምዕራብ በኩል፣ በአምቦ መንገድ ነው የምኖረው። የፌስቱላ ሕሙማን የሚያገግሙበት ደስታ መንደር በእኛ አቅጣጫ ነው፤ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም እዚያው ነው፤ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ዶክተር ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ።

ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል ከአጥንቷ ጋር ይጫነዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ይቀደዳል፤ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ ፌስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። በፊልም የምትታየው እንዲህ ያለች ሴት ከመንደር ተባርራ፣ በረት አጠገብ ተጥላ፣ በመጨረሻ የሆነ ሰው መጥቶ ያድናታል። እኔ ግን በልጅነቴ ቤታችን የምትመጣ ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ታክማ የዳነች ናት። እንጀራ ትሸጥ ነበር። ዋጋ ላይ የማትበገር፣ እናቴን የምትሳደብ፣ ሣቋ ከበር የሚሰማ። ስለ ሕመሟ አንድ ቀን ብቻ አነሣች፤ እሱንም «አራት ዓመት እንቅልፍ አልተኛሁም ነበር፤ አሁን ማን ይቀስቅሰኝ!» ብላ። እሷን የሚጫወት ቢገኝ ትኬት እገዛለሁ።

መጋረጃ ፦ ሰኞ ከምሽቱ 1፡50

እኔ እጫወታታለሁ። ዋጋ ላይ የማትበገር ሴት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሌንስ፣ ጋቢዋን ጻፋት፤ ግን ልጅቷን አስፈቅድ፤ ቃሉ የእሷ ነው።

የሴት ልጅ አባት ፦ ሰኞ ከምሽቱ 2፡30

ያገር ልጅ ይቅር ይበለኝና ወንድ ሆኜ አነበብኩት። የምንኖረው ገላን ነው። ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው ተብሎ ወረቀት መጣ። እናቷ «መካን ያደርጋል ይባላል» ብላ ወረቀቱን ቆልፋበታለች። ምን ልበላት?

ነጭ ጋውን ፦ ሰኞ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ መካን አያደርግም። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል፤ በዓለምም ብዙ ሚሊዮን ልጆች ወስደውታል። የሚከላከለው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለውን ቫይረስ ነው፤ ከማህፀን በር ካንሰር ሰባ በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ሁለቱ ዓይነቶቹ፣ 16 እና 18፣ በክትባቱ ውስጥ አሉ። በልጅነት የሚሰጠው ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት መቅደም ስላለበት ነው። ለእናቷ ግን እርስዎ አይንገሯት፤ ይዘዋት ይምጡ፤ እኔ አነጋግራታለሁ። በዚያውም እሷ ራሷ ትታያለች።

ስም የለኝም ፦ ማክሰኞ ከንጋቱ 11፡35

ሁሉም ሳይነሣ ልጠይቅ። አምስት ወልጃለሁ። ውሃ ተሸክሜ ስወጣ ከታች አንድ ነገር ወደ ውጭ ይገፋኛል፤ ሳስል ሽንቴ ያመልጠኛል። ስተኛ ይመለሳል። አሁን ለቅሶ ቤት እንኳ ብዙ አልቀመጥም፤ የምሸት እየመሰለኝ። ባሌ አያውቅም። ጸበል እየሄድኩ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞት ያውቃል ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ነጭ ጋውን ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 12፡20

እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ በየሳምንቱ አያለሁ። አብዛኛዎቹ እንዳንቺው ለዓመታት ደብቀውት ነው የሚመጡት። የማህፀን መውጣት ይባላል። ማህፀንን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በወሊድ ብዛትና በሸክም ሲላሉ ነው። ሕክምና አለው፤ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ፣ ካልሆነ ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት፣ ከባሰም ቀዶ ሕክምና። የትኛው እንደሚሆንልሽ ሲታይ ነው የሚታወቀው። ጸበሉን ተዪ አልልሽም፤ እየሄድሽም ትታከሚያለሽ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትሸከሚ፤ በአምስት ሊትር አመላልሺው፤ ወይም ልጆቹ ያምጡት።

ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ተረኛ ነኝ። ምርመራ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ወንድ አይገባም።

የኮዬዋ ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡10

ስም የለኝም፣ እኔ 41 ነኝ፤ በእናቴ ምክንያት ብሰጋም እስካሁን አልታየሁም፤ ፈርቼ ነው። ሐሙስ አብረን እንሂድ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ የሚኒባስ ማቆሚያው ጋ፣ 2 ሰዓት። ሰማያዊ ነጠላ እለብሳለሁ። ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም።

ስም የለኝም ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 8፡45

እመጣለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

ነጭ ጋውን ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00

ያረጀም ቢሆን ካርድ ካለሽ ይዘሽ ነይ። ምርመራው በወር አበባ ቀን አይደረግምና እሱን አስቢበት። ሱሪ ከመሆን ሰፋ ያለ ቀሚስ ይሻላል፤ አልጋው ላይ ለመውጣትም ለመውረድም ይቀልሻል።

መጋረጃ ፦ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡15

እኔም ሐሙስ የደም ክትትል ቀጠሮ አለኝ፤ አደባባዩ ጋ ጠብቁኝ። ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ነጭ ግን አይደለም።